የማን ልጅ ነህ? ስለ ተሰወረ ዘርና ስለ ልብ አንጠልጣይ ድርሰት



«የማን ልጅ ነህ?» በኢትዮጵያ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ተጠያቂው አባቱን፣ አያቱን፣ የተወለደበትን አገር ይናገራል፤ ጠያቂውም ሰውየውን በዚያ ያውቀዋል። የሚናገረው ስም የእርሱ ባይሆንስ? ያሳደጉት ሰዎች ከሌላ እጅ የተቀበሉት ልጅ ቢሆንና ይህንን ከእርሱ በቀር ቤተሰቡ ሁሉ ቢያውቀውስ? ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንድ የድርሰት ዓይነት የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ እርሱም የተሰወረ ዘርን የሚያፈላልግ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለው ታሪክ አንባቢን በምን እንደሚይዝ ማስረዳት ነው። ትምህርቱ በአራት ይከፈላል። መጀመሪያ ልብ ሰቀላው ከየት እንደሚመነጭ፣ ቀጥሎ ምስጢሩን የሚጠብቁት እነማን እንደሆኑና ለምን እንደሚጠብቁት፣ ሦስተኛ ማስረጃው ከጠባሳና ከቀለበት ተነሥቶ እስከ ዘረመል ምርመራ እንዴት እንደተለወጠ፣ በመጨረሻም እውነቱ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ይታያል። የድርሰቶች ፍጻሜ ሳይነገር አሠራራቸውን ማሳየት ስለማይቻል የአንዳንዶቹ መጨረሻ እዚህ ይገለጣል። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከልብ ሰቀላው ምንጭ ይጀመር። የተለመደው የወንጀል ልቦለድ መርማሪውን ከውጭ ያመጣዋል። ሟቹ ዘመዱ አይደለም፤ ገዳዩንም አያውቀውም። ፍንጭ ይሰበስባል፣ ተጠርጣሪ ይጠይቃል፣ ወንጀለኛውን ያጋልጣል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዘር ፍለጋ ታሪክ ይህን ርቀት ያጠፋዋል። መርማሪውና ተመርማሪው አንድ ሰው ናቸው። የሚያገኘው እያንዳንዱ ፍንጭ የራሱን ስም፣ የራሱን ትዳር፣ የራሱን ልጅነት ይነካል፤ መዝገቡን ዘግቶ የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም።

የዚህ አሠራር ታላቁ አብነት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው የአቴናው ባለተውኔት ሶፎክልስ የጻፈው «ንጉሥ ኤዲፐስ» ነው። ቴብስ የተባለችውን ከተማ መቅሰፍት ይመታታል። ንጉሡ ኤዲፐስ የመቅሰፍቱን ምክንያት ያስጠይቃል፤ የቀድሞው ንጉሥ የላዮስ ገዳይ ሳይቀጣ በከተማዋ መኖሩ ነው የሚል መልስ ከዴልፊ ቤተ ትንቢት ይመጣል። ንጉሡ ገዳዩን በአደባባይ ረግሞ ምርመራውን ራሱ ይጀምራል። የሚያውቀው የቆሮንቶስ ንጉሥ የፖሊቦስ ልጅ መሆኑን ነው። አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባል የሚል ትንቢት ሰምቶ ስለነበር ከቆሮንቶስ የሸሸውም ትንቢቱን ለማምለጥ ነበር። በሽሽቱ ላይ ግን ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ከአንድ የማያውቀው ሽማግሌ ጋር ተጣልቶ ገድሎታል፤ ከዚያም የቴብስን መበለት ንግሥት ዮካስታን አግብቷል።

የተውኔቱ ማጠፊያ ከቆሮንቶስ የሚመጣው መልእክተኛ ነው። ፖሊቦስ በእርጅና መሞቱን ይናገራል፤ ኤዲፐስንም አባቱን የመግደል ስጋት ይለቀዋል። እናቱን የማግባት ስጋት ግን ገና ይቀረዋል። መልእክተኛው ያንንም ሊያነሣለት ብሎ ፖሊቦስና ሚስቱ ወላጆቹ እንዳልሆኑ፣ ራሱ መልእክተኛው ከቴብስ እረኛ እጅ ሕፃን ሳለ እንደተቀበለው ይነግረዋል። ሊያጽናና የመጣው ሰው በዚያው ንግግሩ ያጠፋዋል። ፈላስፋው አርስቶትል በ«ሥነ ግጥም» መጽሐፉ ይህን ተውኔት ደጋግሞ በአብነት የጠቀሰው በዚህ ዓይነቱ ጥበብ ምክንያት ነው። እውነቱ የሚታወቅበትና ዕድል የሚገለበጥበት ቅጽበት አንድ ሲሆን ድርሰቱ ከሁሉ ይበልጣል ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የአቴና ተመልካች የኤዲፐስን ታሪክ ገና ተውኔቱ ሳይጀመር ያውቀው ነበር። ምስጢሩ ለእርሱ ምስጢር አይደለም። ሆኖም ተውኔቱ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ልብ ይሰቅላል። ስለዚህ ልብ ሰቀላ የሚመነጨው ካለማወቅ ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ አይበቃም። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ፍራንስዋ ትሩፎ ጋር ባደረገው የታወቀ ቃለ ምልልስ ይህንኑ በምሳሌ አስረድቷል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ከሥር የተቀመጠ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንዶች ይደነግጣል፤ ቦምቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን ተራው ወሬ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይጨነቃል።

በኤዲፐስ ታሪክ ይህ ጭንቀት በእጥፍ ይሠራል፤ ምክንያቱም ከተመልካቹ ሌላ በመድረኩ ላይም የሚያውቅ ሰው አለ። ዮካስታ መልእክተኛው እየተናገረ ሳለ ከባሏ ቀድማ ትረዳለች። ፍለጋውን እንዲተው ትለምነዋለች፤ እርሱ ግን ትውልዱ ዝቅተኛ መሆኑ እንዳያሳፍራት የፈራች መስሎት ይቀጥላል። የልመናዋን ትርጉም ተመልካቹ ያውቃል፤ ኤዲፐስ አያውቅም። በዘር ፍለጋ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛው ጡዘት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በዚህ ክፍተት ላይ ይቆማል። አንዱ ያውቃል፤ ሌላው ይጠይቃል፤ የሚያውቀው የሚጠይቀውን ይወደዋል።

የዘር ፍለጋ ታሪክ በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ የመርማሪ ልቦለድ ገባ። ሮስ ማክዶናልድ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ኬኔት ሚላር በ1915 በካሊፎርኒያ ተወልዶ በካናዳ ያደገ፣ አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ የሄደ ደራሲ ነበር። በ1959 ባሳተመው «የጋልተን ጉዳይ» ልቦለድ መርማሪው ሉ አርቸር ከ20 ዓመት በፊት የጠፋን የባለጸጋ ልጅ እንዲፈልግ ይቀጠራል። በፍለጋው የጠፋው ሰው ልጅ ነኝ የሚል ወጣት ያገኛል። ውርሱ ብዙ ስለሆነ ወጣቱ አጭበርባሪ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ማስረጃውም ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ከካናዳ የመጣ ነው፤ ስሙን ለውጧል፤ ወራሽ መስሎ እንዲቀርብ ሰዎች አሠልጥነውታል። መጨረሻ ላይ ግን ወጣቱ በርግጥ የጠፋው ሰው ልጅ ሆኖ ይገኛል። የሐሰት ስም ለብሶ የመጣው ሰው የለበሰው የገዛ ስሙን ነበር። አንባቢ በዚህ ዓይነቱ ታሪክ ዘወትር የሚጠብቀው እውነተኛ የመሰለው ልጅ ሐሰተኛነቱ ሲጋለጥ ማየት ነውና ማክዶናልድ መንገዱን መገልበጡ ብቻውን ልብ ይሰቅላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የምስጢር ጠባቂዎቹ ነው። የሞተ ምስጢር ልብ አይሰቅልም። ማንም የማይጠብቀው፣ ቢወጣ ማንንም የማይጎዳ የቤተሰብ ታሪክ ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅም ይሆናል፤ ለልብ አንጠልጣይ ደራሲ ግን አይበቃውም። ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው እውነቱን የያዘ ሰው በሕይወት ሲኖር፣ ለመደበቅም በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው። ይህ ምክንያት በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ፍቅር፣ ኀፍረት ወይም ወንጀል።

በፍቅር የተጠበቀ ምስጢር ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ«ክብረ ነገሥት» እንደተተረከው የንግሥት ማክዳ ልጅ አባቱ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ እናቱ በቁጣ ትመልስለታለች፤ አባትም እናትም እርሷ መሆኗን ነግራ ተጨማሪ እንዳይጠይቅ ታስጠነቅቀዋለች። ልጁ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይጠይቃል፤ በኋላም ትነግረዋለች። የቁጣዋ ምክንያት በጽሑፉ ግልጽ ነው። ልጁ አባቱን ፍለጋ እንዳይሄድባት ፈርታለች። ሲያድግ ወደ ኢየሩሳሌም ይጓዛል፤ በጋዛ ያየው ሕዝብ ንጉሥ ሰሎሞን የመጣ ይመስለዋል፤ ሰሎሞንም በፊቱ ላይ የአባቱን የዳዊትን መልክ ያያል። ትረካው የሚያበቃው በክብር ስለሆነ ልብ አንጠልጣይ አይባልም። ሆኖም የእናቲቱ ዝምታና የልጁ ችክ ያለ ጥያቄ ከዮካስታና ከኤዲፐስ ንግግር ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። የሚያውቀው ሰው የሚወደውን ላለማጣት ይደብቃል።

በኀፍረት የተጠበቀውን ምስጢር በሚገባ ያሳየችው እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፒ. ዲ. ጄምስ ናት። ለዘመናት በእንግሊዝ የጉዲፈቻ ልጅ የመጀመሪያውን የልደት መዝገቡን ማየት አይችልም ነበር። በ1975 የወጣው የልጆች ሕግ ግን ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይህን እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ቀደም ሲል በጉዲፈቻ የተሰጡት ግን መረጃውን ከማግኘታቸው በፊት ከአማካሪ ጋር እንዲነጋገሩ አስገደደ። ጄምስ በ1980 ያሳተመችው «ንጹሕ ደም» ልቦለድ ከዚህ ሕግ ይነሣል። ፊሊፓ የተባለችው 18 ዓመት የሞላት ወጣት አባቷን የመኳንንት ልጅ አድርጋ በሐሳቧ ስትገነባ የኖረች ናት። መዝገቡን ስታስከፍት አባቷ አንዲት ትንሽ ልጅ የደፈረ፣ እናቷም ያችኑ ልጅ የገደለች መሆኗን ታገኛለች። አባቷ በእስር ቤት ሞቷል፤ እናቷ ልትፈታ ነው።

የጄምስ ብልኀት እዚህ ላይ ሁለተኛ ፍለጋ ማስገባቷ ነው። የተገደለችው ልጅ አባትም እናቲቱ የምትፈታበትን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል፤ እርሱ የሚፈልጋት ሊገድላት ነው። ልጅቱ እናቷን በፍቅር፣ ሰውየው ገዳይቱን በበቀል እየፈለጉ ወደ አንድ የለንደን ቤት ይጓዛሉ። አንባቢው የሁለቱንም እርምጃ ያያል። ከዚህም በላይ ልቦለዱ አንድ ምስጢር ያስቀራል። ፊሊፓ ለጉዲፈቻ የተሰጠችው ከወንጀሉ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው፤ እናቷ ልጇን የተወቻት እስር አስገድዷት አይደለም። ዘሯ ክፉ መሆኑን የቻለችው ልጅ ይህን መቻል ያቅታታል። ወላጆች እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ለምን ተዉኝ በሚለው ጥያቄ ተተካ።

በወንጀል የተጠበቀው ምስጢር ከቤተሰብ አልፎ መንግሥትን ይነካል። በአርጀንቲና መጋቢት 1976 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት እስከ 1983 ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስሮ አጥፍቷል። ነፍሰ ጡር እስረኞች በእስር ቤት ወልደው ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ተነጥቀዋል፤ ብዙዎቹም ለመንግሥቱ ሰዎችና ለደጋፊዎቹ ተሰጥተው የእነርሱ ልጆች ተብለው ተመዝግበዋል። የጠፉት እናቶች እናቶች በ1977 «የግንቦት አደባባይ አያቶች» በሚል ስም ተደራጅተው የልጅ ልጆቻቸውን መፈለግ ጀመሩ። የተነጠቁት ሕፃናት ወደ 500 እንደሚጠጉ ይገምታሉ።

ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላ በ1985 የወጣው የሉዊስ ፑዌንሶ «ይፋዊው ታሪክ» ፊልም ይህን ወንጀል ከአሳዳጊዋ እናት ወገን ሆኖ ይመለከታል። አሊሲያ በቦነስ አይረስ የታሪክ መምህርት ናት፤ ባሏ ከገዢዎቹ ጋር የሚሠራ ነጋዴ ነው። ከስደት የተመለሰች ጓደኛዋ በእስር ቤት ስላየችው ስትነግራት ባሏ ያመጣላት ሕፃን ከየት እንደመጣች መጠራጠር ትጀምራለች። ፊልሙ መርማሪዋን በጣም ከባድ ቦታ ላይ ያቆማታል፤ ፍለጋዋ ከተሳካ የምታጣው የምትወዳትን ልጅ ነው። ከባሏ ውሸት ጋርም የራሷ አለመጠየቅ ይመረመራል። ሕፃኗን ስትቀበል ጥያቄ አላነሣችም፤ ያን ጊዜ አለመጠየቅ ለእርሷ ይመች ነበር። ፊልሙ በ1986 የኦስካርን የውጭ ቋንቋ ፊልም ሽልማት አግኝቷል።

ሦስቱ ምክንያቶች የየራሳቸው ክብደት አላቸው። በፍቅር የተጠበቀ ምስጢር ሲወጣ ይቅርታ ይከተላል፤ በኀፍረት የተጠበቀው ሲወጣ ግንኙነት ይፈርሳል፤ በወንጀል የተጠበቀው ሲወጣ ግን ፍርድ ቤት ይከፈታል። የተዋጣለት ደራሲ አንዱን መርጦ አያቆምም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲገኝ ያደርጋል። የአሊሲያ ባል የሠራው ወንጀል ነው፤ አሊሲያ የያዛት ፍቅር ነው፤ ዝምታዋን የሚያስረዝመው ኀፍረት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ማስረጃ ነው። ዘር በምን ይታወቃል? አርስቶትል ሰዎች በድርሰት ውስጥ የሚታወቁባቸውን መንገዶች ሲመድብ ምልክትን ከታች አስቀምጦታል፤ ጠባሳ፣ የአንገት ጌጥ፣ ከሕፃን ጋር የተቀመጠ ዕቃ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ደራሲው ምልክቱን በፈለገበት ቦታ ሊያኖረው ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ከራሱ ከታሪኩ ሂደት የሚወጣው መታወቅ ነው። የኤዲፐስ ቁርጭምጭሚት ሕፃን ሳለ የተበሳ ስለሆነ ጠባሳ አለበት፤ ነገር ግን ማንነቱን የሚያወጣው ጠባሳው ብቻ አይደለም፤ መልእክተኛውና የቴብሱ እረኛ ተገናኝተው እንዲናገሩ ያስገደደው የራሱ ምርመራ ነው።

ከምልክት ቀጥሎ ወረቀት መጣ። የልደት መዝገብ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የጉዲፈቻ ውሳኔ፣ ኑዛዜ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ልቦለዶች የቀለበትን ቦታ ያዙ። ወረቀት ይሠረዛል፤ ይቃጠላል፤ በሐሰት ይጻፋል፤ የሚጠብቀው ሠራተኛም ጉቦ ይበላል። በዚህም የተነሣ ለደራሲው ብዙ መሰናክል ይሰጠው ነበር።

ከዚያ ዘረመል መጣ። መነሻው ከዚሁ ከአርጀንቲና ታሪክ ጋር ይገናኛል። አያቶቹ ሕፃን ቢያገኙ እንኳ የአባትነት ምርመራ አይጠቅማቸውም ነበር፤ ወላጆቹ ጠፍተዋልና። በመካከል ያለውን ትውልድ ዘልሎ አያትን ከልጅ ልጅ የሚያገናኝ ዘዴ አስፈለገ። አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ ከ1984 ጀምሮ ከአያቶቹ ጋር ሠርታ ይህን ዘዴ ተግባር ላይ አዋለች። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ ያንኑ ዲኤንኤ የእናት እናትም የልጅ ልጇም ይይዛሉና። በ1987 የቤተሰቦችን ናሙና የሚያስቀምጥ ብሔራዊ የዘረመል መረጃ ባንክ በሕግ ተቋቋመ። በዚህ ዘዴ ከመቶ በላይ ሰዎች እውነተኛ ቤተሰባቸውን አውቀዋል፤ ብዙዎቹ በጎልማሳነት ዕድሜያቸው።

ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ሰው ምራቁን በትንሽ ቱቦ አድርጎ በፖስታ ልኮ ስለ ዘሩ መልስ የሚያገኝበት ንግድ በአሜሪካ ተስፋፋ። ስሌቱ ቀላል ነው። ወላጅና ልጅ የዘረመላቸውን ግማሽ ይጋራሉ፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ሩብ ያህል፣ የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ። በዚህ መሠረት አንድ ሰው ራሱ ባይመረመርም የአጎቱ ልጅ ስለተመረመረ ሊታወቅ ይችላል። በ2018 በካሊፎርኒያ ለአሠርት ዓመታት ያልተያዘው «የወርቃማው ግዛት ገዳይ» የተገኘው የሩቅ ዘመዶቹ በአንድ የዘር መፈለጊያ መረጃ ቋት ውስጥ በመኖራቸው ነበር።

ለደራሲው ይህ በረከትም ፈተናም ነው። ፈተናነቱ ግልጽ ነው። ዮካስታንና እረኛውን ለማናገር ኤዲፐስ ተውኔቱን ሙሉ ደክሟል፤ ዛሬ መልሱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በኢሜይል ይደርሳል። «ማን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ብቻ የቆመ ሴራ በዚህ ይፈርሳል። በረከቱ ግን ከዚህ ይበልጣል። የዘረመል ውጤት ስም ይሰጣል፤ ምክንያት አይሰጥም። ግማሽ ወንድም እንዳለ ይናገራል፤ እናት ለምን ዝም እንዳለች አይናገርም። ስለዚህ የዛሬው ብልህ ደራሲ ውጤቱን በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሰጥና የቀረውን መጽሐፍ ለሰዎቹ ዝምታ ያውለዋል። ሌላም አለ፤ ምርመራውን ያልፈለገ ሰው በዘመዱ ፍላጎት ይጋለጣል። ጠያቂው የራሱን ምስጢር ሲፈታ የሌላውን ቤት ይከፍታል፤ በዚህ ዘመን ለሚጻፍ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ከዚህ የተሻለ የግጭት ምንጭ አይገኝም።

አሁን ወደ አራተኛው ጉዳይ ይደረሳል፤ እርሱም ከማወቅ በኋላ ያለው ነው። ደካማ ድርሰት ምስጢሩን ገልጦ ያበቃል። አንባቢው ይደነግጣል፣ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ይረሳዋል። ጠንካራ ድርሰት ግን ያወቀው ሰው አሁን ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት ይጠይቃል።

በሊባኖስ የተወለደው የካናዳ ባለተውኔት ዋጅዲ ሙዋወድ በ2003 ያቀረበውን «ቃጠሎዎች» ተውኔት ዴኒ ቪልነቭ በ2010 ፊልም አድርጎታል። የፊልሙ መነሻ ኑዛዜ ነው። ናዋል የተባለች ስደተኛ በካናዳ ስትሞት ለመንታ ልጆቿ ሁለት ፖስታ ትተዋለች። አንዱ ሞቷል ብለው ለሚያምኑት አባታቸው፣ ሌላው መኖሩን ለማያውቁት ወንድማቸው የሚሰጥ ነው። ፖስታዎቹ እስኪደርሱ ድረስ በመቃብሯ ላይ ድንጋይ እንዳይቆም ታዝዛለች። ልጆቹ የእርስ በርስ ጦርነት ወደ አለፈበት የእናታቸው አገር ይጓዛሉ፤ አገሩ ስም አይሰጠውም፤ ታሪኩ ግን ከ1975 እስከ 1990 ከቆየው የሊባኖስ ጦርነት የተቀዳ ነው። መጨረሻ ላይ አባትና ወንድም አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ናዋል በወጣትነቷ ወልዳ የተነጠቀችው ልጅ በጦርነቱ አድጎ በእስር ቤት የደፈራት ገራፊ ሆኗል። ሲወለድ አያቱ ተረከዙ ላይ የነቀሰችው ሦስት ነጥብ ማንነቱን ያወጣዋል፤ ፊልሙ በዚህ ከኤዲፐስ እግር ጋር ዝምድናውን ያሳያል።

የዚህ ድርሰት ብርታት ግን ከአስደንጋጩ ግኝት በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። አንዱ ሰው ሁለቱንም ፖስታ ይቀበላል። ለገራፊው የተጻፈው ይኮንነዋል፤ ለልጁ የተጻፈው ይወደዋል። እናቲቱ የተደራረበውን ዝምድና በሁለት ደብዳቤ ለየችው፤ ልጆቿም ሁለቱን ፖስታ አደረሱ። ግኝቱ ብቻውን ቢቀር ተመልካችን ከማስደንገጥ አያልፍም ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ግን ለተገኘው እውነት ቦታ አበጁለት።

ከኢትዮጵያ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የዚህ ዓይነት ሥራ የራዱ ሚሃይሌያኑ የ2005 ፊልም «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ነው። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ እስራኤል «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ሥራ በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንን በሺዎች ስታጓጉዝ፣ አንዲት ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት እናት የ9 ዓመት ልጇን ከረሀብ ለማዳን ልጇ ከሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ጋር ትልከዋለች። ልጁ በሟቹ ስም ያድጋል። በዚህ ፊልም ምስጢሩን የሚጠብቀው ራሱ ባለታሪኩ ነው፤ ተመልካቹም ከመጀመሪያው ያውቀዋል። የኤዲፐስ ጥያቄ «እኔ ማን ነኝ?» ሲሆን የዚህ ልጅ ጥያቄ «ማን እንደሆንሁ ቢታወቅስ?» ነው። የሚወዳቸው ሰዎች በበዙ ቁጥር የሚያጣው ይበዛል፤ ስለዚህም ልብ ሰቀላው በደስታው ቀን ይከፋል።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ ደራሲ ሩቅ አገር ነገር አይደለም። በጎጃምና በጎንደር በርስት ሥርዓት ዘር መቁጠር የፍርድ ቤት ማስረጃ ነበር። ርስት ጠያቂው በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ከመጀመሪያው አቅኚ እንደሚወርድ እየቆጠረ ይሟገታል፤ ተከራካሪውም ያንን ሐረግ አንድ ቦታ ላይ ለመበጠስ ይጥራል። የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢያከትምም በየቤቱ የቀረው የሐረግ ትዝታ አልጠፋም። ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ የተደበቀ አባት የሁለት ወጣቶችን ሠርግ ሊያስቀር ይችላል፤ የሚያውቁት ሽማግሌም ከሠርጉ በፊት ይናገሩ ወይስ ዝም ይበሉ? የሶፎክልስ ጭንቀት እዚህ የአገር ልብስ ለብሶ ይቆማል።

ከዚህም ሌላ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ አለ። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ እስከታገደ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ጎልማሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ወላጆቻቸውን ፍለጋ ይመጣሉ። በወረቀታቸው ላይ ወላጅ አልባ ተብለው የተመዘገቡ ሆነው እናታቸውን በሕይወት ያገኙ አሉ። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ፍቅርን፣ ኀፍረትንና ወንጀልን በአንድ ወረቀት ላይ ያገኛቸዋል፤ ልጇን የሰጠችው እናት፣ ወረቀቱን የሞላው ደላላ፣ ልጁን በቅን ልብ ያሳደገው ባዕድ ሁሉም በሕይወት አሉ፤ ሁሉም የሚፈሩት ነገር አላቸው።

ከተባለው ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። የዘር ፍለጋ ድርሰት የሚመዘነው ምስጢሩ ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደሆነ በማየት አይደለም። ሚዛኑ ሦስት ጥያቄ አለው፦ ምስጢሩን የሚጠብቅ፣ በቂ ምክንያት ያለው ሕያው ሰው አለ ወይ? ፈላጊው ቢያውቅ የሚያጣው ነገር አለ ወይ? ካወቀ በኋላስ አዲስ ግዴታ ተሸክሟል ወይ? ሦስቱን የሚያሟላ ድርሰት መጨረሻው ቢታወቅም ይነበባል፤ አንዱ የጎደለው በመጨረሻው ገጽ ያስደንቅ ይሆናል እንጂ ሁለተኛ አይነበብም። በዚህ መንገድ መጻፍ የሚፈልጉ ወጣት ደራስያን ድንገተኛውን መጨረሻ ከመፈልሰፋቸው በፊት ምስጢሩን የያዘውን ሰው አጥብቀው እንዲያውቁት ይመከራሉ።